የውሻ ጠጉር በስፍራ በስፍራው ሲመለጥ

ውሻ ለገበሬ ቤት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ ቀድሞ የሚያስታውቅ፥ ቀን ከእረኛው ልጅ ጋር ውሎ ጠቦቱን ከቀበሮ የሚጠብቅ፥ ሌባ ወደ ጎተራው እንዳይቀርብ ደጃፍ ላይ የሚያድር እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በሬ ሲታመም ባለቤቱ እንቅልፍ ያጣል፤ በግ ስታነክስ እግርዋን አንሥቶ ይመለከታል፤ የውሻ ጠጉር ሲረግፍ ግን ብዙ ሰው ሳይመረምር «እከክ ያዘው» ይልና አንድም ውሻውን ከደጅ ያባርረዋል፥ አንድም ለበግ ተባይ የተገዛውን መርዝ አንሥቶ ይቀባዋል። በዚህም ምክንያት ሊድን ይችል የነበረ ውሻ ይሞታል፤ ወይም በሽታው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀርቶ ወደ ልጆች ይተላለፋል።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው እንዲህ ያለው ጉዳት እንዳይደርስ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ልታውቁት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ መላጣ የበሽታ ስም አይደለም፤ ምልክት ነው። አንድ ሰው «ትኩሳት ይዞኛል» ቢል ወባ ይሁን ሌላ በሽታ ሳይመረመር እንደማይታወቅ ሁሉ፥ የውሻም ጠጉር በመርገፉ ብቻ ምክንያቱ አይታወቅም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ መድኃኒት አያስፈልገውም። ስለዚህ እጃችሁ መድኃኒት ከማንሣቱ በፊት ዐይናችሁ ሥራውን ይሥራ።

1ኛ፤ ጠጉር እንዴት ይረግፋል?

የውሻ ጠጉር በስፍራ በስፍራው የሚመለጠው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ ውሻው ራሱ እያከከ፥ እየነከሰና እየላሰ ጠጉሩን ሲነቅለው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የጠጉሩ አይደለም፤ ቆዳውን የሚያሳክከው ነገር ነው። እከክ፥ ቁንጫና ቅማል በዚህ ይመደባሉ።

ሁለተኛው መንገድ ጠጉሩ የበቀለበት ሥር ሲጎዳ ነው። በዚህ ጊዜ ውሻው ባያክም እንኳ ጠጉሩ ይሰበራል ወይም ተነቅሎ ይወድቃል። ጭርትና የጠጉር ሥር ተባይ ይህን ያደርጋሉ።

ሦስተኛው መንገድ ጠጉሩን የሚያበቅለው ኃይል ሲጎድል ነው። ምግብ ሲያንስ፥ እናቲቱ ብዙ ቡችሎች ስታጠባ፥ ወይም በሰውነት ውስጥ የተሰወረ በሽታ ሲኖር አሮጌው ጠጉር ይረግፋል፤ አዲሱ ግን ቶሎ አይተካም።

2ኛ፤ አስቀድሞ የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ውሻውን በቀን ብርሃን መርምሩት። የሚይዘው የሚያምነው ትልቅ ሰው ይሁን እንጂ ልጅ አይሁን። የዋህ ውሻ እንኳ የሚያመውን ስፍራ ሲነኩት ሊነክስ ይችላልና አፉን በለስላሳ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ማሰር መልካም ነው። ነገር ግን ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ያለ ምክንያት የሚናከስ፥ ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ ድምፁ የተቀየረ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ ቢሆን ፈጽሞ አትንኩት፤ ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና ሰዉንና ከብቱን አርቃችሁ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ።

ውሻው በደህና ጠባዩ ያለ እንደ ሆነ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ።

አንድ፤ መላጣው የት ነው? በጆሮ ጫፍ ነውን? በዐይን ዙሪያ? በክርን? በአንገት? ወይስ ከጭራው በላይ ባለው ወገብ?

ሁለት፤ ያሳክከዋልን? ሌት ተቀን የሚያክ ውሻና ምንም የማያክ ውሻ በሽታቸው አንድ አይደለም።

ሦስት፤ ቆዳው ምን ይመስላል? ቀልቷል? ቅርፊት አለው? ወፍሯል? መግል ይዟል? ወይስ ጠጉር ከማጣቱ በቀር ደህና ነው?

አራት፤ ሌላስ ማን አለበት? ከእርሱ ጋር የሚያድሩት ውሾች፥ ድመቷ፥ ጥጆቹ፥ ይልቁንም ልጆቹ ያሳክካቸዋልን?

አምስት፤ የውሻው ዕድሜ ስንት ነው? ምን ይበላል? መላጣውስ ከታየ ስንት ሳምንት ሆነው?

የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ወደ እንስሳት ጤና ኬላ በሄደም ጊዜ ባለሙያው ቶሎ እንዲረዳው ያደርጋል።

3ኛ፤ ምክንያቶቹ በየተራ

ሀ. እከክ

ትክክለኛው እከክ የሚመጣው ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ከማይሞላ ተባይ ነው። ተባዩ እንደ ቁንጫ በጠጉር መካከል የሚሮጥ አይደለም፤ ሴቲቱ በቆዳው ውስጥ ጉድጓድ እየማሰች ትገባና በዚያ ዕንቍላል ትጥላለች። ከዕንቍላል ተነሥቶ ሙሉ ተባይ እስኪሆን ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እከክ ከደም መበላሸት የሚመጣ ሳይሆን በዚህ ተባይ የሚመጣ መሆኑን በ1687 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቦኖሞ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም በአጉሊ መሣሪያ ተመልክቶ አስረድቷል።

ምልክቱ እንዲህ ነው። መላጣው የሚጀምረው በጆሮ ጫፍ፥ በክርን፥ በኋላ እግር ቋንጃና ጠጉር በሳሳበት ሆድ ላይ ነው። ማሳከኩ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ውሻው እንቅልፍም ምግብም ያጣል። ቆዳው ይቀላል፤ ቅርፊት ያወጣል፤ ሲቆይም ይወፍርና ይጨማደዳል። ቀላል መፈተኛ አለ፤ የጆሮውን ጫፍ በጣቶቻችሁ መካከል ይዛችሁ አሹት፤ ውሻው የኋላ እግሩን አንሥቶ ለማከክ ቢሞክር እከክ መሆኑ በጣም ያጠራጥራል። እጃችሁን ከዚያ በኋላ በሳሙና መታጠብ አትርሱ።

ይህ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ ፈጥኖ ይተላለፋል፤ ቀበሮም ወደ መንደር ሊያመጣው ይችላል። ውሻውን የሚያቅፉ ልጆችም በክንዳቸውና በሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ነገር ግን የውሻው ተባይ በሰው ቆዳ ላይ መራባት አይችልምና ውሻው ሲታከም የልጆቹም ሽፍታ ይጠፋል። ሽፍታው በጣቶች መካከል ወጥቶ፥ ቤተ ሰቡን ሁሉ አዳርሶ፥ ሌሊት የሚብስ ከሆነ ግን የሰው እከክ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

እከክ በሐኪም መድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚበቃ አይደለም፤ ከዕንቍላል የሚፈለፈሉት እንዲሞቱ ባለሙያው ባዘዘው ቀን ይደገማል። ደግሞም በግቢው ያሉት ውሾች ሁሉ፥ ያልታመሙ የሚመስሉት ጭምር፥ በአንድነት መታከም አለባቸው። አንዱ ከቀረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ለ. የጠጉር ሥር ተባይ

ይህ ደግሞ ሌላ ተባይ ነው። በቆዳ ውስጥ ጉድጓድ አይምስም፤ ጠጉሩ በበቀለበት ቀዳዳ ውስጥ ይኖራል። ቡችላው ይህን ተባይ የሚያገኘው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጡት ሲጠባ ከእናቱ ነው። በአብዛኞቹ ውሾች ላይ ጥቂት ጥቂት ይገኛል፤ ጉዳት ግን አያደርስም። የቡችላው ሰውነት ገና ሳይጠነክር ሲቀር ግን ተባዩ ይበዛና ጠጉሩ ይረግፋል።

ምልክቱ በአብዛኛው ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚሆነው ቡችላ ላይ ይታያል። በዐይን ዙሪያ፥ በአፍ ጠርዝ ወይም በፊት እግሮች ላይ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ መላጣዎች ይወጣሉ። እምብዛም አያሳክክም። ወደ ሰውም ሆነ ወደ በግ አይተላለፍም። እንዲህ ያለው ጥቂት መላጣ ብዙውን ጊዜ ቡችላው በደንብ ከተመገበና የሆድ ትል መድኃኒት ካገኘ በሁለት ወር ውስጥ ያለ ሌላ መድኃኒት ይድናል። በዚህ ጊዜ መርዝ መቀባት ራሱ የሚድነውን ቡችላ መግደል ነው።

ሆኖም መላጣው ገላውን ሁሉ ካዳረሰ፥ ቆዳው ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ከባድ በሽታ ሆኗልና ሕክምና ያስፈልገዋል። በጐለመሰ ውሻ ላይ በድንገት ከታየም ሰውነቱን ያደከመ ሌላ በሽታ በውስጡ እንዳለ ያመለክታል።

ሐ. ጭርት

ጭርት የሚመጣው ፈንገስ ከሚባል ሻጋታን ከሚመስል ነገር ነው። ይኸው ወገን በልጆች ራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር ይባላል። በውሻ ላይ መላጣው ብዙውን ጊዜ ክብ ሆኖ ከመካከል ወደ ዳር እየሰፋ ይሄዳል፤ ጠጉሩ ከሥሩ ተቈርጦ የቀረ ይመስላል፤ በላዩም አመድ የመሰለ ፎረፎር ይታያል። ማሳከኩ ትንሽ ነው፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አያሳክከውም።

ውሻ ጭርትን ከድመት፥ ከጥጃ፥ ከአይጥ ወይም ከአፈር ሊያገኝ ይችላል። ጤነኛ ውሻ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ሊድን ቢችልም፥ እስኪድን ድረስ ለልጆችና ለጥጆች ያተላልፋል። የፈንገሱ ዘር በወደቀ ጠጉርና በመኝታ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውሻውን ከማከም ጋር አሮጌውን መኝታ ማቃጠል፥ የሚተኛበትን ስፍራ ጠርጎ ማጽዳትና ልጆች እንዳያቅፉት መከልከል አስፈላጊ ነው። በልጅ ገላ ወይም ራስ ላይ ክብ መላጣ ቢታይ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የውሻውን መድኃኒት ለልጅ አትቀቡ።

መ. ቁንጫ፥ ቅማልና መዥገር

ከጭራው በላይ ያለው ወገብና የኋላ ጭኑ ከተመለጠ መጀመሪያ ቁንጫን ጠርጥሩ። ቁንጫው ባይታያችሁ እንኳ በጠጉሩ ሥር እንደ ጥቁር በርበሬ ፍርፋሪ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ያን አራግፋችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉት፤ ዙሪያው ቀይ ሆኖ ከተዘረጋ ቁንጫው የመጠጠው ደም ነው፤ አፈር ከሆነ ግን አይቀላም።

በውሻው ላይ ያለው ቁንጫ ጥቂቱ ብቻ መሆኑን እወቁ። የሚበዛው በዕንቍላልና በትል መልክ በመኝታው፥ በወለሉ ስንጥቅና በግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ ውሻውን ብቻ ማከም ወንፊትን በውሃ መሙላት ነው። ጭዱንና ጆንያውን ማቃጠል፥ ወለሉን ደጋግሞ መጥረግ፥ ስፍራውንም ፀሐይ እንዲያገኘው ማድረግ ይገባል። ቁንጫን በጥርሱ የዋጠ ውሻ የኮሶ ትል ሊይዘው ይችላል፤ በእዳሪው ላይ ወይም በቂጡ ዙሪያ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ከታየ ለባለሙያው ንገሩ።

ቅማል በቡችላና በከሳ ውሻ ላይ ይበዛል፤ ዕንቍላሉም ከጠጉሩ ጋር ተጣብቆ ይታያል። መዥገር ደግሞ በነከሰበት ስፍራ ትንሽ ቁስልና መላጣ ይተዋል። መዥገርን በእሳት ወይም በላምባ አታስለቅቁ፤ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት እንጂ በባዶ እጅ አትጨፍልቁት።

ሠ. ማሰሪያ፥ ጠንካራ መኝታና ጠባሳ

አንዳንድ መላጣ በሽታ አይደለም። በድንጋይ ወይም በደረቅ መሬት ላይ የሚተኛ ትልቅ ውሻ ክርኑ ይመለጥና ቆዳው ይጠነክራል፤ ቢያነጥፉለት አይብስበትም። በአንገቱ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተመለጠ ውሻ ማሰሪያው ጠብቆበታል። በቡችላነቱ የታሰረ ገመድ ውሻው ሲያድግ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ሊያቆስለው ስለሚችል፥ ከማሰሪያውና ከአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባቱን በየጊዜው ተመልከቱ። በጆሮው ጫፍ ላይ ደምና ቅርፊት ብቻ ያለበት ውሻ ዝንብ ነክሶት ሊሆን ይችላል። የድሮ ንክሻ ወይም ቃጠሎ ጠባሳ በሆነበት ስፍራ ግን ጠጉር ዳግመኛ አይበቅልም፤ በከንቱ መድኃኒት አትፈልጉለት።

ረ. የምግብ ማነስ፥ ወሊድና የውስጥ በሽታ

ጠጉር በአብዛኛው የተሠራው ከፕሮቲን ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የሚበላ ውሻ ጠጉሩ ይደርቃል፥ ይሳሳል፥ ይረግፋል። ከእህል በቀር ሌላ የማያገኝ ቡችላ ዚንክ የተባለው ማዕድን ሊያንሰው ይችላል፤ በዚህም ጊዜ በአፉና በዐይኑ ዙሪያ ቅርፊት ይወጣል። አጓት፥ የተቀቀለ ዕንቍላል፥ የተቀቀለ ሥጋ ትራፊ ቢጨመርለት በጥቂት ሳምንታት ለውጡ ይታያል።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በግ ወይም ከብት ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ጥሬውን አትጣሉ። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት አድጎ ዕንቍላሉን በእዳሪው ይበትናል፤ ያም ወደ ሰው አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ እንዲሁ ያለ ቋጠሮ ያበቅላል። እንዲህ ያለውን ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፤ ወይም አቃጥሉት፤ ወይም በሚፈላ ውሃ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ቀቅሉት።

የወለደች ውሻ ከወለደች ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ጠጉርዋ ሊሳሳ ይችላል፤ ቡችሎቹ ጡት ሲተዉና ምግብ ሲጨመርላት ይመለሳል። በግራና በቀኝ ጐን ተመሳስሎ የተመለጠ፥ የማያሳክከው፥ የሚያንቀላፋ ወይም ያለ ልክ ውሃ የሚጠጣ ትልቅ ውሻ ግን የውስጥ በሽታ ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ይየው።

4ኛ፤ ሁለት ጎረቤታሞች

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ጎረቤታሞች ገበሬዎች የውሾቻቸው ጠጉር ረገፈ እንበል። የአንደኛው ቡችላ የአምስት ወር ነው፤ በዐይኑ አጠገብ ሽልንግ የሚያህል መላጣ አለው፤ አያክም፤ ይጫወታል፤ ይበላል። የሁለተኛው ውሻ የአራት ዓመት ነው፤ የጆሮው ጫፍና ክርኑ ተመልጧል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ ታናሹም ልጅ ክንዱን ያሳክከዋል።

ሁለቱም «እከክ ነው» ብለው አንድ መድኃኒት በጋራ ቢገዙ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ቡችላ በምግብ ብቻ ሊድን ሲችል በመድኃኒቱ ብዛት ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብቶ ቢተው፥ ማሳከኩ ለጥቂት ቀን ቀለል ብሎ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደ ገና ይነሣል፤ እስከዚያም የመንደሩን ውሾች ያዳርሳል። መላጣቸው ቢመሳሰልም ምክንያታቸው የተለያየ ነው። ልዩነቱንም ያሳዩት ከላይ የተጻፉት አምስት ጥያቄዎች ናቸው።

«በጎቼን እከክ ያስያዘብኝ ውሻው ነው» የሚልም አለ። የቆዳ ነጋዴዎች በበግ ቆዳ ላይ «እከክ» የሚሉት ጉዳት የሚመጣው በአብዛኛው ከበግ ቅማልና በበግ ጠጉር ውስጥ ከሚኖር ክንፍ ከሌለው ዝንብ ነው። እነዚህ በበግ ላይ የሚኖሩ እንጂ ከውሻ የሚመጡ አይደሉም። ውሻውን ማባረር በጎቹን አያድንም፤ ለጅብ ግን ያጋልጣቸዋል።

5ኛ፤ ፈጽሞ ሊቀባ የማይገባው

የተቃጠለ የሞተር ዘይት፥ ላምባ፥ በረኪና፥ ለሰብል ወይም ለበግ የሚረጭ የተባይ መርዝ በውሻ ገላ ላይ አታፍስሱ። ምክንያቱም፦

የተመለጠና የቆሰለ ቆዳ መርዝን ከደህናው ቆዳ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ደም ያስገባል።

ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ ስለዚህ በቆዳው ብቻ ሳይሆን በአፉም ይመረዛል።

ውሻውን የሚነካ ልጅ መርዙን በእጁ ይዞ ወደ አፉ ያደርሰዋል።

እንደ ዳያዚኖን ያለ መርዝ የበዛበት ውሻ ለሃጩ ይፈስሳል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ያስቀምጠዋል፥ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንዲህ ያለ ምልክት ቢታይ እጃችሁን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ወተትም ዘይትም አታጠጡት፤ የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ለከብት የተሠራውን የአይቨርሜክቲን መርፌ ለውሻ በግምት መውጋትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ይህ መድኃኒት ታላቅ ነገር ነው፤ ካምቤልና ኦሙራ የተባሉ ሊቃውንት ከጃፓን አፈር ከተገኘ ጥቃቅን ሕዋስ ስላገኙት በ2015 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል፤ በአገራችንም ዐይን ለሚያጠፋው የወንዝ ዳር በሽታ መከላከያ ለሰው ይታደላል። ነገር ግን የከብቱ መርፌ አንድ ሚሊሊትር የተመጠነው ለ50 ኪሎ ከብት ነው። ውሻ 15 ኪሎ ቢመዝን በዓይን ግምት የሚሰጥ ሰው በቀላሉ ከልክ ያልፋል፤ መድኃኒቱ በጥቂቱ የሚገድላቸው የውሻ ዘሮችም አሉ። ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ መዝኖ ይስጠው።

ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ መድኃኒትም ለድመት አይሁን። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።

6ኛ፤ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ የምታደርጉት

ውሻውን አታባርሩት። የተባረረ ውሻ በሽታውን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ ተመልሶም ከራሳችሁ ደጅ ይተኛል። ይልቁንስ በጥላ ስር፥ ከሌሎች ውሾችና ከልጆች ለይታችሁ እሰሩት፤ ውሃና ምግብ አታጓድሉበት። በየሁለት ሦስት ቀን የሚቃጠል ንጹሕ ጭድ አንጥፉለት። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። መላጣው የታየበትን ቀንና ስፍራ፥ የሚበላውንም ምግብ ጻፉ ወይም በልባችሁ ያዙ።

ወደ ባለሙያው ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ሳምንት ምንም አትቀቡት፤ ዘይት የተቀባ ቆዳ ለምርመራ ያስቸግራል። ባለሙያው ከመላጣው ዳር በምላጭ ትንሽ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊመለከት ይችላል። የእከክ ተባይ በቆዳ ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ በፍቅፋቂው ላይ ብዙ ጊዜ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ «ተባይ አልታየም» እያለ የእከክ መድኃኒት ቢያዝላችሁ አትደነቁ፤ በምልክቱ ፈርዶ ነው።

የሚከተሉት ሲታዩ ግን አትዘግዩ፤ መላጣው በየቀኑ ሲሰፋ፤ መግልና ክፉ ሽታ ሲኖረው፤ ውሻው መብላት ሲተው፤ በልጅ ገላ ላይ ሽፍታ ወይም ክብ መላጣ ሲታይ፤ ገመድ በሥጋው ውስጥ ሲገባ። በምርመራ ጊዜ ውሻው ሰው ቢነክስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻውንም ወደ ባለሙያ በወሰዳችሁት ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አብራችሁ ጠይቁ።

7ኛ፤ የመለማመጃ ጥያቄዎች

ይህን ትምህርት ከቤተ ሰባችሁና ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ እነዚህን መልሱ።

1. መላጣ የበሽታ ስም ነው ወይስ ምልክት? ለምን?

2. ጆሮውን ሲያሹት እግሩን የሚያነሣ ውሻ ምን ሊኖረው ይችላል? በግቢው ያሉት ሌሎች ውሾችስ ምን ይደረግላቸዋል?

3. የቁንጫን ፍርፋሪ ከአፈር በምን ትለያላችሁ?

4. የትኛው መላጣ ወደ ልጆች ይተላለፋል? የትኛውስ አይተላለፍም?

5. ውሃ የቋጠረ የበግ ጉበት ምን ይደረጋል?

6. በቤታችሁ ለውሻ ይቀባ የነበረ መርዝ አለን? አሁንስ የት ተቀምጧል? ልጅ ይደርስበታልን?

የመጨረሻውን ጥያቄ በአፍ ብቻ አትመልሱት፤ ተነሥታችሁ ዕቃው ያለበትን ስፍራ እዩ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ አንዲቱ ትንሽ መላጣ ሳትሰፋ ብትመረመር ውሻው ይድናል፤ ልጆቹም ደህና ይሆናሉ፤ በረቱም ያለ ጠባቂ አያድርም።